የጨለመው የራዲዮ ዓይን

በሰፈሩ "ቴስተር" ይሏታል፤ ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን በሚለካው መሣሪያ ስም። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም፤ ሰው የነገራትን ነገር ራሷ ካልነካካችና ካላገላበጠች አታምንም። ሻጩ "ትኩስ ነው" ያላትን ዳቦ እንኳ በጣቷ ጫን አድርጋ ካላየች አትገዛም። ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ራዲዮም፣ ማራገቢያም፣ ካውያም፣ ሰው ተስፋ ቆርጦ ያመጣላትን ሁሉ ትጠግናለች። ባሏ "ያልፈታሽው የኔን ሆድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚሆን ካቻቢቴ አጥተሽለት ነው" እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወላጆቿ የግድግዳ ጎረቤት፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ በሱቋ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ።

"አባትሽ ድረሺልኝ ብለውሻል። የራዲዮኑ ዓይን ጠፋ አሉ።" ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዛሬውኑ ብትሄጂ ይሻላል። ሲጎረጉሩት ድምፁን ሳያውቁት ይለቁታል። ትናንት ግድግዳዬ ሲያወራ ነው ያመሸው።"

ነገሩ ገባት። ካቻቢቴውንም መበየጃውንም ቴስተሩንም ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ፣ ከአሮጌ እቃዎች ክምር መሀል አንድ በጋዜጣ የተጠቀለለ የመስታወት አምፖል ፈልጋ አገኘችና ሱቁን ዘጋች።

አባቷ ዕድሜውን የጨረሰው ድንጋይ መፍጫ ውስጥ ነው። "ጆሮዬን ለድንጋይ ገብሬ ጡረታ ወጣሁ" ይላል። ጆሮው ሥር ሆነው ካልጮኹበት በቀር የሚሰማው ነገር የለም፤ ከሰው ጋር የሚግባባው ከንፈር ከንፈር እያየ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ራዲዮ ምን ያደርግለታል ቢባል፣ መልሱ ያለው በታናሽ ወንድሟ ዘንድ ነው።

ታናሽ ወንድሟን ቤተሰቡ "ሳቂታው" ይለዋል። ከዘመተ ወዲህ መጀመሪያ ሰላምታው በሰው በሰው ይደርስ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። ከእሱ ጋር የሄዱትም ወሬያቸው ጠፋ። ከወዲያኛው ወገን የሚተላለፍ አንድ ጣቢያ ግን ነበር። አመሻሽ ላይ፣ ከዜናው በኋላ፣ በጦር ሜዳ ሞተው የተገኙትን ወታደሮች ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ያነባል። ያንን ጣቢያ መስማት ክልክል ነው፤ ሰው ታስሮበታል። ደግሞም እንደ ልብ የሚያዝ አይደለም፤ ያዝኩት ሲሉት ይሸሻል። በሰፈሩ ውስጥ እሱን አጥርቶ የሚይዘው የአባቷ አሮጌ የእንጨት ራዲዮ ብቻ ነበር። ከቁጥሮቹ በላይ፣ ፊቱ ላይ፣ ክብ አረንጓዴ መብራት አለው። ጣቢያ በሌለበት ቦታ አረንጓዴው በጥቁር ክፍተት ተሰንጥቆ ይቆያል፤ ጣቢያው ሲቀርብ ክፍተቱ ይጠባል፤ በደንብ ሲያዝ እንደ ሰው የዓይን ቆብ ይገጥማል። ቤተሰቡ "ዓይኑ" ይለዋል።

ደንቆሮው አባት ጣቢያውን የሚያገኘው በዚህ ዓይን ነበር። ድምፁን እስከ ታች ዝቅ አድርጎ ማዞሪያውን በሁለት ጣቱ ያንቀሳቅስና ዓይኑ ሲገጥም ጠረጴዛውን ይመታል። ይኼኔ እናትየው ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ጆሮዋን በድምፅ ማጉያው ጨርቅ ላይ ትለጥፋለች። እሷ ስትሰማ እሱ ፊቷን ያያል። ስሞቹ ሲያልቁ ራሷን ትነቀንቃለች፦ የለም። እሱም ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ "ተመስገን!" ይላል። ልጁ ከሞቱት ጋር አልተጠራማ። ከዚያ እራት ይቀርባል።

ቴስተር ስትደርስ አባቷ ከራዲዮኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። ሳያያት ጠረኗ የደረሰው ይመስል ዞር አለ።

"መጣሽ? ይኸው፣ ታወረ። እኔ ደንቆሮ፣ እሱ ዕውር፤ ጥሩ ጓደኛሞች ሆነናል።"

ሳቀ፤ ዓይኖቹ ግን ቀልተዋል። ሳምንቱን ሙሉ ማዞሪያውን እያሽከረከረ "እዚህ ጋ ነው? እዚህ ጋ ነው?" እያለ እናቷን ሲያስነሳ ሲያስቀምጥ ከርሟል።

እናቷ መስኮቱ ሥር ከስፌት መኪናዋ ኋላ ናት። ልጇን ሳመቻት፤ ቶሎም ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

"ሥራሽን ጥለሽ መጣሽ? አርጅቶ ነው እኮ። ያረጀ ነገር ዓይኑ ይጠፋል። ተዪው።"

"አይቼው ልተወዋ፣ እማዬ።"

"ሳታዪ ማመን መቼ ለምደሽ" አለች እናቷ። እንደ ቀልድ አልነበረም አባባሏ። ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ አስጠግታ ሳተችው፤ እንደገና ሳተችው።

ቴስተር ራዲዮኑን አዙራ የካርቶን ጀርባውን ፈታችና ሶኬቱን ሰካች። አምፖሎቹ ቀስ በቀስ ሞቁ፤ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፤ ድምፁም መጣ፣ ከአንድ ጣቢያ የዘፈን ቁራጭ ተሰማ። ስለዚህ ራዲዮኑ ደህና ነው። የታመመው ዓይኑ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ አይታለች፤ የዓይኑ አምፖል ሲያረጅ መብራቱ እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ ይሄድና ይጠፋል።

"ሲጠፋ ደብዝዞ ነበር?" ብላ ከንፈሯን አጉልታ አባቷን ጠየቀችው።

"ምን ደብዝዞ! ማታ ቦግ ብሎ ይበራ ነበር። በማግስቱ ሳበራው ጭልም።"

ይህ ትንሽ አላማራትም። ቢሆንም ሶኬቱን ነቅላ፣ ጥቂት ታግሳ፣ የድሮውን አምፖል አወጣችና በጋዜጣ ጠቅልላ ያመጣችውን በቦታው ከተተች። አበራችው። ጨለማ ነው። ጎንበስ ብላ ከመስታወቱ ኋላ ስታይ በውስጡ ያለችው ቀጭን ክር እንደ ፍም ቀልታለች። የሚያሞቀው ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል ማለት ነው። ያልደረሰው ሌላው፣ አረንጓዴውን የሚያበራው ኃይለኛው ነው። እሱ ደግሞ ቢነኩት የሚገድል ነው።

አንድ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ እንደ ልማዷ፣ በሌላው የቴስተሩን ዘንግ ያዘች። ኃይሉ የሚነሳበትን ቦታ ነካች፤ የቴስተሩ ቀስት ዘሎ ሄደ። ጤነኛ ነው። ዓይኑ የተሰካበትን እግር ነካች፤ ቀስቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከመነሻው አለ፤ ከመድረሻው የለም። እንግዲህ በመንገድ ላይ ቀርቷል። ከመነሻው ወደ ዓይኑ የሚሄዱት ሽቦዎች አንድ ላይ ሆነው በጨርቅ እጅጌ ተጠቅልለዋል። ሶኬቱን ነቅላ እጅጌውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቿ እየዳሰሰች ሄደች። መሀል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ጨርቁ እዚያ ጋ ተሰፍቷል።

ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው። ክሩ ከጨርቁ ጋር አንድ ቀለም ነው። ስፌቱ እንደ ጉንዳን መንገድ የተጠጋጋ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄድ፣ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ወደ ውስጥ የተደበቀ። የትምህርት ቤት ልብሷ በዚህ ስፌት ነበር የሚጠገነው። የሳቂታው የሱሪ ጉልበት በዚህ ስፌት ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ የሚሰፋ ሌላ እጅ ቢኖር እሷ አታውቀውም።

በምላጭ ጫፍ ስፌቱን ፈትታ እጅጌውን ከሽቦዎቹ ላይ ገፈፈችው። ውስጥ ቀዩ ሽቦ በመቀስ ተቆርጧል፤ የተቆረጡት ጫፎችም እንዳይነካኩ እያንዳንዳቸው በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

ከጀርባዋ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል። ተነስታ እናቷ አጠገብ ሄደችና፣ አባቷ ከንፈሯን እንዳያነብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች።

"እማዬ። ይሄ ሽቦ ሊገድልሽ ይችል ነበር።"

"ሶኬቱን ነቅዬ ነው የቆረጥኩት" አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። "አንቺው አይደለሽ ሳይነቀል እንዳይነካ እያልሽ ያሳደግሽን።"

"ለምን?"

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"እማዬ፣ ለምን?"

"ተመስገን ሲል አልቻልኩም" አለች እናቷ። "ማታ ማታ ተመስገን ሲል። አልቻልኩም።"

ቴስተር የመስኮቱን ደፍ ያዘች። ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ጠየቀች፤ ሳትነካ አታምንማ።

"ጠሩት?"

"ክረምቱ ሲገባ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ነበር። ጆሮዬን ለጥፌ… ስሙን ጠራው፤ ከነአባቱ። አባትሽ እዚያ ተቀምጦ ፊቴን ያያል። ምን ላድርግ? ራሴን ነቀነቅኩ።" እናቷ ክሩን በጣቷ ላይ እየጠመጠመች ፈታች፣ እየጠመጠመች ፈታች። "ከዚያ ወዲህ በየማታው ጠረጴዛውን ይመታል፤ እኔም ሄጄ የሌላ ሰው ልጆችን ስም እሰማለሁ። የኔ እንደሆነ አንዴ ተጠርቷል። ሲያልቅ እነቀንቃለሁ። ተመስገን ይላል። በልቶ ይተኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር።"

"ብቻሽን? ክረምቱን ሙሉ? ለኔ እንኳን?"

"አንቺ ፊትሽ ነገር አይደብቅም። አባትሽ ደግሞ ፊት ነው የሚያነበው።"

"ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?" አለ አባቷ ከወዲያ። ቆሞ ነበር። ደንቆሮ ሰው ድምፁን አይመጥንምና ጥያቄው ከሚገባው በላይ ጮኾ ወጣ። "አገኘሽው እንዴ?"

ቴስተር እጅጌውን በእጇ እንደያዘች ረስታው ነበር። አባቷ መጥቶ ወሰደው። የተፈታውን ስፌት አየ፤ አሁንም ያልተፈታችውን የመጨረሻዋን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። የለበሰው ሸሚዝ ክርኑ ላይ ተመሳሳይ ቋጠሮ አለው። ሚስቱን አያት።

"አንቺ ነሽ?"

እናቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"ለምን? ምን አደረግኩሽ?" ድምፁ እንደተበደለ ልጅ ነበር። "ያለችኝን አንድ ነገር!"

እናቷ ተነሳች። ፊት ለፊቱ ቆማ ሁለት ክንዶቹን ያዘችና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። "ልጃችን" አለች። እሱም ከንፈሯን እያየ "ልጃችን" ብሎ ደገመው። ከዚያ "ሞተ" አለች። ግን ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበርና ቃሉን በቅጡ አልቀረጸውም፤ ገጥሞ ተከፈተ፣ ሌላ አልሆነም።

የአባቷ ፊት በራ።

"መጣ?" አለ። "መጣ ነው ያልሽው?"

ክንዱን ከሚስቱ እጅ አላቆ ወደ በሩ ዞረ። "የት አለ? ውጭ ነው? ለዚህ ነው እናንተ…" ቃሉን ሳይጨርስ በሩን ከፈተው። በጓሮው ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንጂ ሰው አልነበረም። ቢሆንም አንገቱን አስግጎ ግራና ቀኝ አየ፤ ልጁ በልጅነቱ ያደርግ እንደነበረው ከግንቡ ኋላ የተደበቀ መስሎት ፈገግ እንዳለ ነበር።

እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ አፏን በነጠላዋ አፍና ነበር። ቴስተር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስባበታለች፤ ወረቀት ላይ ጽፋ ልታሳየው ትችል ነበር፤ በእጇ ልታመለክትለት ትችል ነበር። ያኔ ግን ያ ፈገግታ በፊቱ ላይ አንዲት ቅጽበት እንኳ መቆየት የለበትም የሚል ብቻ ነበር የተሰማት። ሮጣ ትከሻውን አቀፈችና አፏን ጆሮው ላይ አድርጋ ጮኸች።

"ሞተ! አባዬ፣ ሞተ! አልመጣም፣ ሞተ!"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያንን ጩኸት በአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣዋ ጎረቤት ሰማች፤ ቆጣሪ አንባቢው በግድግዳው በኩል ሰማ፤ መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሰምተው ቆሙ። ሁሉም ከሰማ በኋላ ነው የአባቷ ጆሮ የሰማው። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ቦታው ጠፍቶት ጥቂት ዞረ። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

ጎረቤቶች መጡ። ሴቶቹ እናቷን ከመሬት አነሱ። ወንዶቹ ከአባቷ ጎን ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ከመካከላቸው አንዱ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ፦ "ማን ነገራችሁ?" ጀርባው የተከፈተው ራዲዮ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"የሱ ጓደኛ ወደ ሱቄ መጥቶ ነገረኝ" አለች ቴስተር። "ቆስሎ የተመለሰ ነው። ስሙን አልነገረኝም።"

ቆጣሪ አንባቢው ቀና ብሎ አያት። እርሱ መልእክቱን ሲያደርስ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ያውቃል። ቢሆንም ጃኬቱን አውልቆ፣ እንደ ዋዛ፣ በራዲዮኑ ላይ ጣል አደረገው።

ሰው ሁሉ ሲበተንና ሦስቱ ብቻ ሲቀሩ ጨለም ብሎ ነበር። አባቷ ሚስቱን መብራቱ ሥር አስቀመጣት፤ ከንፈሯን እንዲያይ።

"ስሙን በራዲዮኑ ሰምተሽ ነው ዓይኑን ያጠፋሽው። ምን ብሎ ጠራው? ልክ እሱ እንዳለው ንገሪኝ።"

እናቷ የልጇን ስም ተናገረች። የአባቱን ተናገረች። አያቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"የአያቱን ግን አበላሽቶታል" አለች በቀስታ። "የአባትህን ስም መጨረሻውን ቆርጦ ሌላ ቀጠለበት። የኛ ስም አይደለም እኮ። ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ያልነገርኩህ። ያርሙት እንደሆን ብዬ… በየማታው የሰማሁት ለዚያ ነው።"

ቴስተር ቀና አለች። ስለዚህ እናቷ ክረምቱን ሙሉ የተሸከመችው ሐዘን ብቻ አልነበረም። ከሐዘኑ ሥር ይህችን ታህል፣ የአንድ ፊደል ያህል ስንጥቅ ነበረች። "እውነት ነው አባዬ፣ ሌላ ሊሆን…" ብላ ጀመረች።

"ምን ብሎ ቀጠለበት?" አለ አባቷ። "በዝግታ።"

እናቷ የተበላሸውን ስም በዝግታ ተናገረችው። አስደገማት። ለሦስተኛ ጊዜ አስደገማትና እጁን አንስቶ አፏን በጣቶቹ ሸፈነው፤ በቃ እንደማለት።

"እሱ ነው" አለ።

"አባዬ…"

"እሱ ነው። ትምህርት ቤት ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊው የአባቴን ስም እንደዚያ አድርጎ ጻፈው። ላስለውጥ ብዬ ተመላልሼ ነበር፤ ዛሬ ሰው የለም፣ ነገ ማኅተም የለም ሲሉኝ ተውኩት። ልጁም አድጎ፣ 'ግድ የለም አባዬ፣ እኔ አያቴን አውቀዋለሁ' አለኝ። ወታደር ቤት ይዞት የሄደው ያንን ስም ነው።" ትንፋሹን ሳበ። "በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው በምድር ላይ የለም።"

እናቷ አላለቀሰችም ነበር፤ ጎረቤቶቹ ሲያለቅሱ እንኳ ደርቃ ነው የተቀመጠችው። አሁን ግን ወደ ፊት ተደፋች። ድምፅ የሌለው፣ ከሆድ ሥር የሚመጣ ልቅሶ ነበር። አባቷ አይሰማም፤ ትከሻዋ ሲነሳና ሲወድቅ አየ። ወንበሩን አስጠጋና ያንን ድንጋይ ያሻከረው ሰፊ መዳፉን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ልቅሶውን በእጁ እያዳመጠ ቆየ።

"ብቻሽን ነው የሰማሽው" አለ በመጨረሻ። "እኔ ደግሞ እበላ ነበር።"

ይቅርታ ይሁን ወቀሳ ቴስተር መለየት አልቻለችም። ምናልባት እሱም አልለየውም። በቀጣዮቹ ወራት አንዳንድ ቀን ሚስቱን ምንም ሳያናግራት ይውላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ የትም ስትሄድ በዓይኑ ይከተላታል፤ ጠረጴዛ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አልመታም።

ያን ምሽት ቴስተር ከእነሱ ጋር ለማደር ወሰነች። ሥራ ፈታ መቀመጥ ስላልሆነላት ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የቆጣሪ አንባቢውን ጃኬት አነሳችና አጥፋ ወንበር ላይ አደረገችው። መበየጃውን አውጥታ አየችው፤ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሽቦውን እንደተቆረጠ ትታ የካርቶን ጀርባውን ገጠመችና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ከወላጆቿ አጠገብ ተቀመጠች።